ልጅ ከወለደች በኋላ የደረሰችበት ከፍታ፤ ስለ ፈረንሳዊቷ የቢያትሎን ተወዳዳሪ ስለ ማሪ ዶራን አቤር

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማሪ ዶራን አቤር የተባለችው ፈረንሳዊት ቢያትሎን በሚባለው የበረዶ ስፖርት የነበራትን የውድድር ታሪክ በአጭሩ ማስረዳትና ከዚሁ ታሪክ የሚነሣውን አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንዲት ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ ከፍ ያለ የሰውነት ኀይል ወደሚጠይቅ ሞያ ተመልሳ ቀድሞ ከነበረችበት ደረጃ ልትደርስ፣ ይልቁንም ልታልፈው ትችላለችን? ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከምርመራ በፊት የተዘጋጀ ነው። ከፊሉ «ከወለደች ወዲያ ምን ሩጫ አላት» ይላል። ከፊሉ ደግሞ አንዲት እናት ስታሸንፍ ባየ ጊዜ «ተአምር ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም አነጋገሮች አንድ ጉድለት አለባቸው፤ ይኸውም ሰውን ምክንያት ከመፈለግ ድካም የሚያሳርፉ መሆናቸው ነው።

ማሪ ዶራን አቤር በዓለም ሻምፒዮና ያገኘቻቸው የወርቅ ሜዳልያዎች አምስት ናቸው። አምስቱም የተገኙት ሴት ልጇን ከወለደች በኋላ ነው። ይህ እውነት እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ግን አስቀድሞ የጨዋታውን ሕግና ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። «ክረምት» ስንልም የእኛን የዝናብ ወራት ሳይሆን በአውሮፓ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ማርች ያለውን የበረዶ ጊዜ ማለታችን ነው።

የጨዋታው ሕግና ጠባይ

ቢያትሎን የሚለው ስም ሁለት ውድድር በአንድነት ማለት ነው። አንደኛው ረዥምና ቀጭን መንሸራተቻ በጫማ ላይ አስሮ፣ በሁለት እጅ ዘንግ ይዞ፣ በበረዶ ላይ ሽቅብና ቍልቍል መሮጥ ነው። ሁለተኛው በጠመንጃ ዒላማ መምታት ነው። የጨዋታው ምንጭ በሰሜን አውሮፓ አገሮች በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ጠረፍ ከሚጠብቁት ወታደሮች ልምምድ ነው። በበረዶ ላይ የሚደረገው ሩጫ ብቻውን ለአገራችን ስም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታዎች የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በዚሁ ሩጫ ተወዳድሮአል። ቢያትሎን ግን ሩጫውን ከተኩስ ጋር ያጣመረ በመሆኑ ጠባዩ ሌላ ነው።

ተወዳዳሪው ክብደቱ ከሦስት ኪሎ ተኩል የማያንስ ጠመንጃ በጀርባው አዝሎ ይሮጣል። ተኩስ ሜዳው ሲደርስ ዘንጎቹን ጥሎ፣ ጠመንጃውን አውርዶ፣ በ50 ሜትር ርቀት ላይ በተደረደሩት አምስት ዒላማዎች ላይ አምስት ጥይት ይተኩሳል። አንድ ጊዜ በደረቱ ተኝቶ፣ ሌላ ጊዜ ቆሞ ይተኩሳል። ተኝቶ ሲተኩስ ሊመታው የሚገባው ክብ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ከቡና ሲኒ አፍ ያንሳል። ቆሞ ሲተኩስ ክቡ ወደ 115 ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚል የሲኒ ማስቀመጫ ያህላል።

የነገሩ አስቸጋሪነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሩጫው የሚጠይቀው ልብና ሳንባ በሙሉ ኀይላቸው እንዲሠሩ ነው፤ ተኩሱ የሚጠይቀው ግን ሰውነት ድንጋይ መስሎ እንዲቆም ነው። አቀበት ወጥቶ ወደ ተኩስ ሜዳ የሚገባ ተወዳዳሪ ልቡ በደቂቃ ከ150 ጊዜ በላይ ይመታል። እያንዳንዱ የልብ ምት የጠመንጃውን አፈ ሙዝ ያነቃንቀዋል። በ50 ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ትንሹ መነቃነቅ ዒላማውን ለመሳት ይበቃል። ስለዚህ ተወዳዳሪው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ጥይቱን የሚለቅበትን ቅጽበት በሁለት ትንፋሽ መካከል መምረጥ አለበት። ልቡ እስኪረጋ ድረስ ቢጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል፤ ቢቸኵል ይስታል።

የሳተ ሰው ቅጣት አለው። በአብዛኞቹ ውድድሮች ስለ እያንዳንዱ ስሕተት 150 ሜትር የሆነ ትርፍ ዙር ይዞራል፤ ይህም ሃያ አምስት ሰከንድ ያህል ያስከፍለዋል። ረዥሙ የግል ውድድር በሚባለው ግን ትርፍ ዙር የለም፤ በፈንታው ማሪ ዶራን በተወዳደረችበት ዘመን አንድ ስሕተት በሰዓቱ ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ ያስጨምር ነበር።

ሴቶች በግል የሚወዳደሩባቸው ዋና ዋና ዓይነቶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው የአጭር ርቀት ውድድር ነው፤ 7.5 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሁለት ጊዜ ይተኮስበታል። ሁለተኛው የማሳደድ ውድድር ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር ሆኖ አራት ጊዜ ይተኮስበታል፣ ተወዳዳሪዎቹም የሚነሡት ቀደም ሲል በተደረገው ውድድር በተለያዩበት ጊዜ ልክ ተራርቀው ነው። ሦስተኛው 15 ኪሎ ሜትር የሆነው ረዥሙ የግል ውድድር ነው። አራተኛው ሠላሳ የተመረጡ ተወዳዳሪዎች በአንድነት ተነሥተው 12.5 ኪሎ ሜትር የሚሮጡበት ነው። ከነዚህ ሌላ የሴቶች ቅብብልና ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች የሚተባበሩበት ድብልቅ ቅብብል አለ። በቅብብል እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በአንድ ተኩስ ጊዜ ሦስት መጠባበቂያ ጥይት ይፈቀድለታል።

አራቱን የግል ውድድሮች በዝርዝር የገለጽነው ያለ ምክንያት አይደለም። አራቱ አራት የተለያዩ ጠባዮችን ይፈትናሉ። አጭሩ ፍጥነትን፣ ረዥሙ የተኩስ ንጽሕናን፣ ማሳደዱ መሪነትን ጠብቆ መያዝን፣ በአንድነት የሚነሡበት ደግሞ በሰው መካከል ተጋፍቶ አለመደናገጥን ይጠይቃል። በአንዱ የሚያሸንፍ ሰው በሌላው ላያሸንፍ ይችላል።

ከእርስዋ በፊት የነበሩት

የሴቶች ቢያትሎን ታሪክ ገና ወጣት ነው። ወንዶች በዓለም ሻምፒዮና መወዳደር የጀመሩት በ1958 ሲሆን ሴቶች የራሳቸውን የዓለም ሻምፒዮና ያገኙት በ1984 ነበር። የተደረገውም በፈረንሳይ አገር በሻሞኒ ከተማ ነው። በኦሊምፒክ ወንዶች ከ1960 ጀምሮ ሲወዳደሩ ሴቶች የተፈቀደላቸው በ1992 በአልበርቪል ነው። በመካከሉ 32 ዓመት አልፎአል።

በዚያው በ1992 ፈረንሳዮቹ ኮሪን ኒዮግሬ፣ ቬሮኒክ ክሎዴልና አን ብሪያን በገዛ አገራቸው የሦስት ሴቶች ቅብብል አሸንፈው የወርቅ ሜዳልያ ወሰዱ። ከነዚህ መካከል አን ብሪያን በ1995 የዓመቱን የዓለም ዋንጫ አጠቃላይ ውጤት በአንደኛነት ፈጸመች። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2005 ሳንድሪን ባይ ይህንኑ ዋንጫ አገኘች። በ2006 በቱሪን ኦሊምፒክ ደግሞ ፍሎራንስ ባቭሬል ሮቤር የአጭር ርቀቱን ውድድር አሸንፋ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመች። ማሪ ዶራን ወደ ብሔራዊው ቡድን በገባች ጊዜ እንግዲህ በፊቷ የሚታይ መንገድ ነበር። ልጅ ወልዶ ስለ መመለስ ግን ይህ መንገድ ብዙ አልነገራትም።

የመጀመሪያው ዘመን፤ እስከ 2014

ማሪ ዶራን የተወለደችው ጁን 19 ቀን 1986 በሊዮን ከተማ ነው። በዓለም ፊት ስሟ የተጠራው በ2010 በቫንኩቨር በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ነው። ገና 23 ዓመቷ ሳለ በአጭር ርቀቱ ሦስተኛ ወጥታ የነሐስ ሜዳልያ አገኘች። አንደኛ የወጣችው የስሎቫኪያዋ አናስታሲያ ኩዝሚና 19 ደቂቃ ከ55.6 ሰከንድ፣ ሁለተኛዋ ጀርመናዊቷ ማግዳሌና ኖይነር 19 ደቂቃ ከ57.1 ሰከንድ፣ ማሪ ዶራን 20 ደቂቃ ከ6.5 ሰከንድ ፈጅተዋል።

እነዚህን ቍጥሮች ቆም ብሎ ማየት ይጠቅማል። በአንደኛዋና በሦስተኛዋ መካከል ያለው ልዩነት 10.9 ሰከንድ ነው፤ ይህም አንድ የቅጣት ዙር ከሚፈጀው ጊዜ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በቢያትሎን ወርቅና ነሐስ የሚለያዩት በሰፊ የችሎታ ገደል ሳይሆን በአንዲት ጥይት ዕጣ ወይም በአንድ አቀበት ላይ በሚገኝ ትንሽ የፍጥነት ብልጫ ነው። አንድን ተወዳዳሪ «ሦስተኛ እንጂ አንደኛ መሆን አይሆንላትም» ብሎ መፍረድ ከዚህ የተነሣ አደገኛ ነው።

በዚያው ኦሊምፒክ ከማሪ ሎር ብሩኔ፣ ከሲልቪ ቤካኤርና ከሳንድሪን ባይ ጋር ሆና በሴቶች ቅብብል ሁለተኛ ወጣች። ሳንድሪን ባይ ከዚህ የውድድር ዘመን በኋላ ጨዋታውን ስታቆም ማሪ ዶራን ቀጠለች። በ2011ና በ2012 በተደረጉት የዓለም ሻምፒዮናዎችም የፈረንሳይ ሴቶች በቅብብል ሁለተኛ ሲወጡ እርስዋ ከቡድኑ ውስጥ ነበረች። በዚህ መካከል የዚሁ ጨዋታ ተወዳዳሪ የነበረውን ሎይስ አቤርን አግብታ ስሟ ማሪ ዶራን አቤር ሆነ።

በፌብሩዋሪ 2014 የተደረገው የሶቺ ኦሊምፒክ ግን ያለ ሜዳልያ አለፈባት። በዚያ ጊዜ የነበረውን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው ምን ይል ነበር? አንድ የግል የኦሊምፒክ ነሐስ፣ ጥቂት የቅብብል ብር፣ በግል ውድድር አንድም የዓለም ሻምፒዮንነት የለም። ዕድሜዋ ወደ 28 ተጠግቶአል። በዚሁ ዓመት በበልግ ልጅ ወለደች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቶ «መልካም የቡድን ሠራተኛ ነበረች» ብሎ ይጽፍ ነበር።

አሥራ ሁለት ወራት

ማሪ ዶራን አቤር ግን በዚያው የውድድር ዘመን ወደ በረዶው ተመለሰች። በማርች 2015 በፊንላንድ በኮንቲዮላህቲ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የአጭር ርቀቱን ውድድር አሸነፈች። ለጥቆ በተደረገው የማሳደድ ውድድር መሪነቷን ጠብቃ ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደች። በሴቶች ቅብብልና በድብልቅ ቅብብል ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ሁለት ብር ጨመረች። ይህ ሁሉ የሆነው ልጅ ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት የዓለም ሻምፒዮና በማርች 2016 በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ ሆልመንኮለን በሚባለው ኰረብታ ላይ ተደረገ። ለሴቶች የተከፈቱት ውድድሮች አራቱ የግል፣ አንዱ የሴቶች ቅብብል፣ አንዱ ድብልቅ ቅብብል ሆነው ስድስት ነበሩ። ማሪ ዶራን አቤር በስድስቱም ተወዳደረች፤ ከስድስቱም ሜዳልያ ይዛ ተመለሰች። ድብልቅ ቅብብሉን ከአናይስ ቤስኮን፣ ከካንታን ፊዮን ማዬና ከማርታን ፉርካድ ጋር አሸነፈች። በአጭር ርቀቱ ከኖርዌያዊቷ ከቲሪል ኤክሆፍ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች። በማሳደዱ ሦስተኛ ሆነች። በረዥሙ የግል ውድድር አንደኛ ስትወጣ ያገሯ ልጅ አናይስ ቤስኮን ሁለተኛ ሆነች። በሴቶች ቅብብል ብር አገኘች። በመጨረሻም ሁሉ በአንድነት በሚነሡበት ውድድር አሸነፈች። ሦስት ወርቅ፣ ሁለት ብር፣ አንድ ነሐስ ማለት ነው።

እንግዲህ አንባቢው ከላይ የዘረዘርናቸውን አራት የግል ውድድሮች ያስታውስ። በ2015 አጭሩንና ማሳደዱን፣ በ2016 ረዥሙንና በአንድነት የሚነሡበትን አሸንፋለች። ስለዚህ ከአንድ ማርች እስከ ሌላው ማርች ባለው ጊዜ ውስጥ በአራቱም የግል ዓይነቶች የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቅታለች። አንድ ውድድር ብቻ አሸንፋ ቢሆን ዕድል ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ነፋስ፣ የበረዶው ዓይነት፣ የተቀናቃኝ መሳት ሊረዳት ይችላልና። አራት የተለያየ ጠባይ የሚፈትኑ ውድድሮችን ማሸነፍ ግን በዕድል ብቻ አይገለጽም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል ያላገኘችውንም መናገር ይገባል። የዓመቱን አጠቃላይ የዓለም ዋንጫ አንድም ጊዜ አላገኘችም። በ2016 ከቼካዊቷ ከጋብሪየላ ሱካሎቫ ቀጥላ ሁለተኛ ሆናለች። በኦሊምፒክም በግል ውድድር ወርቅ አልወሰደችም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ፈታኝ አስተያየት አለ። ይኸውም «መውለድ ራሱ ኀይል ይጨምራል» የሚለው ነው። ነፍሰ ጡር በሆነች ሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ደም መጠኑ በእጅጉ እንደሚጨምር በሕክምና የታወቀ ነው። ደም ኦክሲጅንን ወደ ጡንቻ የሚያደርስ ስለ ሆነ ይህ ለሯጭ ይጠቅማል ብለው የሚያስቡ አሉ። ነገር ግን ይህ የደም ብዛት ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። በሌላ በኩል ደግሞ የሆድና የዳሌ ጡንቻዎች ይላላሉ፤ በዘንግ እየገፉ በበረዶ ላይ ለመሮጥ ዋና መሠረት የሚሆኑት እነዚሁ ጡንቻዎች ናቸው። ሌሊት ሕፃን የሚያባብል ሰው የእንቅልፉ ነገርም የታወቀ ነው። ስለዚህ በማርች 2015 የተገኘውን ድል፣ ይልቁንም ከዓመት በኋላ በኦስሎ የተገኘውን፣ በደም ብዛት ለመግለጽ መሞከር ትክክል አይመስለንም።

ሌሎች ምሳሌዎችን ማስተያየት የበለጠ ያስተምራል። ኖርዌያዊቷ ሊቭ ግሬተ ፑዋሬ በ2003 ልጅ ወልዳ በ2004 በጀርመን በኦበርሆፍ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አራት የወርቅ ሜዳልያ አግኝታለች፤ የዚያንም ዓመት የዓለም ዋንጫ ወስዳለች። በአንጻሩ ደግሞ ካናዳዊቷ ሚርያም ቤዳር በ1994 በሊለሃመር ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ካገኘች በኋላ ልጅ ወልዳ ተመለሰች፤ ነገር ግን ወደ ቀድሞ ደረጃዋ ሳትደርስ ውድድሩን ተወች። የሕመም ችግርም ነበረባትና ምክንያቱ ወሊድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ምሳሌዋ አንድ ነገር ያሳየናል፤ መውለድ ብቻውን በርን የሚዘጋ እንዳልሆነ ሁሉ ብቻውን የሚከፍትም አይደለም።

ታዲያ የሚከፍተው ምንድን ነው? እኛ ሦስት ነገሮችን እናመለክታለን።

አንደኛው የጨዋታው ጠባይ ራሱ ነው። የተኩስ ችሎታ በብዙ ዓመት ልምምድ በእጅና በዓይን ውስጥ የተቀመጠ እውቀት ነው። የቢያትሎን ተወዳዳሪዎች በቤታቸው ውስጥ ጥይት በሌለው ጠመንጃ ዕለት ዕለት ይለማመዳሉ፤ ለዚህ በረዶም ሜዳም አያስፈልግም። ስለዚህ ሩጫው ለጊዜው ቢቋረጥ ግማሹ ሞያ ሳይበላሽ ሊቈይ ይችላል። የረዥም ሩጫ ጽናትም እንደዚሁ በአንድ ዓመት የሚሠራ አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ የተከማቸ ስለ ሆነ በጥቂት ወራት ዕረፍት ተጠርጎ አይጠፋም።

ሁለተኛው የጊዜ አቈጣጠር ነው። የውድድሩ ዘመን በክረምት የተወሰነ ነው። ልጅዋ የተወለደችው በበልግ፣ ሻምፒዮናው የተደረገው በማርች ነው። የኦሊምፒኩም ዘመን በፌብሩዋሪ 2014 አልፎ የሚቀጥለው እስከ 2018 አራት ዓመት ቀርቶት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት በሚሠራበት ሞያ ላይ ያለች ሴት እንዲህ ያለ ክፍተት አታገኝም።

ሦስተኛውና እኛ ከሁሉ ይልቅ የምንመዝነው በዙሪያዋ የነበረው አደረጃጀት ነው። ባሏ ጨዋታውን ከውስጥ የሚያውቅ፣ የተኩስ ልምምድና የከፍታ ሥልጠና ምን ማለት እንደ ሆነ የማይነገረው ሰው ነበር። የፈረንሳይ አገር ልማድም የሚታሰብ ነው፤ በዚያ አገር ብዙ የበረዶ ስፖርተኞች በጦር ሠራዊት ወይም በጉምሩክ መሥሪያ ቤት የሥራ ቦታ እየተሰጣቸው ስለሚሠለጥኑ ከውድድር ለጊዜው የቀረ ሰው ሁሉ ወዲያውኑ ያለ እንጀራ የሚቀር አይደለም። ብሔራዊው ቡድንም ልጅ የወለደችን ተወዳዳሪ ስሟን ከመዝገብ ሳይሰርዝ በዚያው ዘመን ለዓለም ሻምፒዮና አሰልፎአታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቦታዋን ለሌላ ሰጥቶ «በሚቀጥለው ዓመት እናያለን» ማለት ይቻል ነበርና።

አንድ ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ አለ። «እናንተ የምትቈጥሩት የተመለሱትን ብቻ ነው፤ ወልደው ያልተመለሱት ስማቸው በውጤት መዝገብ ላይ ስለማይገኝ አልቈጠራችኋቸውም» ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ከዚህም የተነሣ ከአንዲት ሻምፒዮን ታሪክ «እናቶች ሁሉ ይችላሉ» የሚል አጠቃላይ ሕግ አናወጣም። የምናወጣው መደምደሚያ ከዚህ ጠባብ ነው፤ «አይቻልም» የሚለው ሕግ ግን ፈርሶአል። አንድን የ«አይቻልም» ሕግ ለማፍረስ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክርክር ስለ ሴቲቱ ሰውነት ሳይሆን ስለ ሁኔታው ነው።

ፍጻሜውና ከእርስዋ በኋላ የመጣው

በ2017 በኦስትሪያ በሆክፊልዘን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በድብልቅ ቅብብል ብር፣ በሴቶች ቅብብል ነሐስ አገኘች። ከዚያ በፌብሩዋሪ 2018 በደቡብ ኮሪያ በፒዮንግቻንግ የተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ደረሰ። በድብልቅ ቅብብሉ ከአናይስ ቤስኮን፣ ከሲሞን ዴስትዩና ከማርታን ፉርካድ ጋር ተሰልፋ ቡድኑ ከኖርዌይና ከጣሊያን ቀድሞ ገባ። በቫንኩቨር ከነሐስ የጀመረችው ተወዳዳሪ ከስምንት ዓመት በኋላ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች። በዚሁ ኦሊምፒክ የፈረንሳይ ሴቶች በቅብብል ሦስተኛ ሲወጡ አራተኛው የኦሊምፒክ ሜዳልያዋ ሆነ። በዚያ የውድድር ዘመን መጨረሻም በ31 ዓመቷ ጨዋታውን አቆመች።

ስለዚያ የነሐስ ሜዳልያ ግን አንድ ነገር ጨምረን እንናገር። በፒዮንግቻንግ የሴቶች ቅብብል የሮጡት አራቱ ፈረንሳዊቶች አናይስ ሼቫልዬ፣ ማሪ ዶራን አቤር፣ ዡስቲን ብሬዛዝና አናይስ ቤስኮን ነበሩ። በዚያን ቀን ከአራቱ መካከል እናት የነበረችው ማሪ ዶራን አቤር ናት። ዓመት ቈይቶ በ2019 አናይስ ሼቫልዬ ልጅ ወለደች፤ ተመልሳም በ2022 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ በረዥሙ የግል ውድድር የብር ሜዳልያ አገኘች። ዡስቲን ብሬዛዝ ደግሞ በዚያው በቤይጂንግ ሁሉ በአንድነት በሚነሡበት ውድድር የኦሊምፒክ ወርቅ ካገኘች በኋላ በ2023 ልጅ ወለደች፤ በ2024 በቼክ አገር በኖቬ ሜስቶ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በዚያው ዓይነት ውድድር ወርቅ ወሰደች። እንግዲህ በ2018 ጠመንጃ አዝለው ተራ በተራ ከሮጡት አራት ሴቶች ሦስቱ ከወለዱ በኋላ በዓለም ሻምፒዮና ወይም በኦሊምፒክ በግል ውድድር ሜዳልያ አግኝተዋል።

ይህን ሁሉ ያደረገችው ማሪ ዶራን ናት ለማለት አንደፍርም። እያንዳንዳቸው የደከሙት በገዛ ጉልበታቸው ነው። ሆኖም በአንድ ቡድን ውስጥ አንዲት ሴት ሕፃን ይዛ ስትሠለጥን፣ ስትመለስና ስታሸንፍ በዓይናቸው ያዩ ታናናሾች የ«አይቻልም»ን ቃል እንደ ቀድሞው ሊሰሙት አይችሉም። አሠልጣኞችና ሹማምንትም እንደዚሁ፤ አንድ ጊዜ የተደረገውን አደረጃጀት ለሁለተኛዋና ለሦስተኛዋ መከልከል ይከብዳቸዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ጥያቄውን በማረም የሚጀምር ይሆናል። «አንዲት እናት ወደ ቀድሞ ደረጃዋ መመለስ ትችላለችን?» ተብሎ ሲጠየቅ ሸክሙ ሁሉ በእርስዋ ላይ ይወድቃል። ከማሪ ዶራን አቤር ታሪክ እንደ ተረዳነው ግን በትክክል የሚጠየቀው «ቦታዋ ተጠብቆላታልን? ጊዜ ተሰጥቶአታልን? ልጁን አብሮ የሚይዝላት ሰው አለን?» ተብሎ ነው። እነዚህ ሦስቱ በተሟሉላት ጊዜ እርስዋ የራስዋን ድርሻ፣ ማለትም በበረዶ ላይ ሮጦ በተፋፋመ ልብ 45 ሚሊ ሜትር መምታትን፣ ከማንም በፊት ፈጽማ አሳይታለች።